ከሀዲጃ በስተኋላ

«ታውጣታ ሴትዮዋን» አለ አባቷ። «ኮምፒውተር ትማር የለ?»

ሱመይራ ይህን የሰማችው የእሷን መኝታና ሳሎኑን በሚለየው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ በኩል ነው። የ2005 ኅዳር፣ ቅዳሜ ጠዋት። ገና ከእንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ስላልወጣች ድምፁ ከውኃ ሥር የሚመጣ መስሏት ነበር። እናቷ ዘይቱና ቀስ ብላ «ራስህ ንገራት» አለችው። አባቷ ኸድሩ ተነሳ። የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ሳሉ፣ ከዚያ የውጭው በር። ኸድሩ ቤት ውስጥ የማይፈልገው ወሬ ሲመጣ ሱቁ ይጠራዋል። ትንሽ ቆይቶ እናቷ ገብታ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሱመይራን ሳታይ መዳፍ የምታክል ፎቶ በብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠች።

ጥቁርና ነጭ ነው። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆርጧል፣ አንዱ ማዕዘን ቢጫ ሆኗል። በግራ በኩል ወጣቱ ኸድሩ ትከሻው በሰፋው ኮት ውስጥ ሆኖ፣ እጁን በተደረደሩ የጨርቅ ጣቃዎች ላይ ጭኖ ቆሟል። በቀኝ በኩል አንዲት ሴት አለች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ እንደ መጋረጃ ዘርግታዋለች፤ ሊስቅ የነበረ አፏን በመጨረሻ ሰዓት የገታች ትመስላለች። ሱመይራ ማን እንደሆነች ሳይነግሯት አወቀች። አባቷ ከእናቷ በፊት ሚስት እንደነበረው፣ ልጅ ስላልወለደች እንደፈታት፣ አሁን ወናጎ እንደምትኖር ታውቃለች። በቅጡ የነገራት ሰው ግን አልነበረም፤ ከወሬ ፍርፋሪ ነው የገጣጠመችው። አንድ ጊዜ ይርጋጨፌ ለሠርግ ሲሄዱ፣ ሚኒባሱ ወናጎ ላይ ሰው ለመጫን ሲቆም፣ እናቷ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዙራ ነበር። ሱመይራ ያን ቀን የጠየቀችው አክስቷን ነው። አክስቷ ስሟን ብቻ ነግራት ወሬ ቀየረች።

«ለታፔላው ነው» አለች እናቷ። ከሱቃቸው ፊት ለፊት አንድ ወጣት ነጋዴ ባለመስታወት በር ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ኸድሩም ታፔላውን አሳድሶ «ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ» ሊያስጽፍበት አስቧል። የማስታወቂያ ሠሪው ዘከርያ ደግሞ የድሮ ፎቶ ካለ ጎኑ ላይ ቢገባ ያምራል ብሎታል። የድሮ ፎቶ ያለው ይህ ብቻ ነው። «ሰው ሲያያት ማን ናት ይላል። እኔ ነኝ እንዳልል እኔን አትመስልም።» ዘይቱና ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ከዚያ ተነስታ መጋረጃውን ከፈተች፤ ጉም መስኮቱ ድረስ መጥቶ የጎረቤቱን የእንሰት ቅጠል ጫፉን ብቻ አስቀርቶት ነበር። «ደግሞ ተምረሽበታል» አለች እየወጣች።

ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በወጣቶች ማዕከሉ ውስጥ የሚሰጥ ነው። ስድስት ኮምፒውተር አለ፣ የሚሠራው አራቱ፤ አሥራ ሁለት ልጆች እየተጣመሩ ይቀመጣሉ። የሚያስተምራቸው መምህር ፈለቀ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው፤ ያለ ክፍያ መጥቶ ታሪክን በፎቶና በራስ ድምፅ እንዴት እንደሚናገሩ ያሳያቸዋል። ባለፉት ሳምንታት ፎቶ መቁረጥ፣ ማብራት፣ ማቅለም ተምረዋል። የዛሬው ሁለት መልመጃ ነበረው። በመጀመሪያው ከአንድ ፎቶ ውስጥ አንድ ነገር ያወጣሉ፣ መውጣቱ እንዳይታወቅ አድርገው። በሁለተኛው ያወጡትን ነገር ሄዶበት የማያውቅ ቦታ ይወስዱታል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገሩበታል። ኋላ የተቀመጡት ልጆች የክልል መኪና ከጎዳና አውጥተው ጨረቃ ላይ ሊያቆሙ ተስማሙ። ሱመይራ ቦርሳዋን ከፈተች።

ፎቶውን ስካን አድርጋ ስታሳድገው አባቷና ሴትዮዋ ቀስ በቀስ ሰው መሆናቸውን እየተዉ ሄዱ። መጀመሪያ ፊት ነበሩ፣ ከዚያ ቅንድብ፣ ከዚያ ጥላ፣ በመጨረሻ ግራጫ አራት ማዕዘኖች። ሱመይራ በነዚያ አራት ማዕዘኖች ዳር በማውሱ እየተራመደች ሴትዮዋን ከራስ ፀጉሯ እስከ ነጠላዋ ጫፍ ዞረቻት። ሰው ከመቁረጥ ይልቅ አንድ የማታውቀውን አገር ጠረፍ እየዞረች እንደሆነ ተሰማት። አርባ ደቂቃ ፈጀባት። በመጨረሻ ቁልፉን ስትጫን ሴትዮዋ በነበረችበት ቦታ ሴት የሚያክል ነጭ ቀዳዳ ቀረ። ከጎኑ ያለውን ግድግዳ እየገለበጠች ሞላችው። ሲያልቅ ግን ግድግዳው በጭቃ የተደፈነ ቁስል መሰለ፤ ታች፣ ከነጠላዋ ጫፍ ሥር የነበረች አንዲት የተጠማዘዘች የብረት ቁራጭ ደግሞ ከምንም ጋር ሳትያያዝ አየር ላይ ቀረች።

መምህር ፈለቀ ከኋላዋ ቆሞ አየው። «ግድግዳ ነው ብለሽ ገምተሽ ነው?»

«ከኋላዋ ምን እንደነበረ አይታይም።»

«ሰው ስታወጪ ሥራሽ ማውጣቱ አይደለም፤ ከኋላው የነበረውን መመለስ ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቂ። ከሌለ ከራስሽ ትፈጥሪያለሽ፤ መፍጠርሽን ግን ታሪኩ ላይ ትናገሪያለሽ።» ወደ ቀጣዩ ኮምፒውተር አለፈ።

አብራት የምትቀመጠው ኤልቤቴል ከዲላ በላይ፣ ደጋው ላይ ያለችው የቡሌ ልጅ ናት። ዲላ አክስቷ ቤት ሆና ነው የምትማረው። ፎቶውን ጠጋ ብላ አየችና «ሴትዮዋ በሕይወት አለች?» አለቻት። ሱመይራ አለች ብላ መለሰች። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ክፍሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።» ሱመይራ ማንን መጠየቅ እንደምትችል ልቧ ውስጥ ቆጠረች። ፎቶ አንሺው ከሞተ ቆይቷል። አባቷ አውጪያት የሚለውን ቃል እንኳ በግድግዳ በኩል ነው ያሰማት። የቀረው ሰው አንድ ነው።

መናኸሪያ ወርዳ በስድስት ብር ወናጎ ተሳፈረች። ጉሙ ከዛፎቹ ላይ እየተነሳ ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ የቡና ፍሬ የያዙ ዛፎች ከእንሰቱ ሥር ብቅ ጥልቅ ይላሉ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መኪኖች ጆንያ ጭነው ይወርዳሉ። ሱመይራ ጉዞው ባያልቅ ደስ ይላት ነበር። የምትለውን ውሸት አዘጋጀች፤ የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ የድሮ ፎቶዎችን እያሰባሰብን ነው። ወናጎ ስትወርድ መንገድ ዳር አቮካዶ የምትሸጥ ሴትን ስለ ሀዲጃ ጠየቀች። ሴትዮዋ የጌዴኦኛ ቅላጼ ባለው አማርኛ «ሀዲጃ? ሰማያዊ በር ነው፣ መስጊድ ፊት ለፊት። ዩኒፎርም ይሰፋል እሱ» ብላ በአገጯ አመለከተቻት።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አረንጓዴ የተማሪ ሹራብና ቀሚስ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ በበሩ ሲገባ ሁሉም በአንድነት ይንቀሳቀሳል፣ ክፍሉ በልጆች የተሞላ ያህል። ሀዲጃ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ቀጭን፣ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። መነጽሯ አንዱ እጀታው በክር ታስሯል። «ምን ልስፋልሽ?» አለቻት ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ። ሱመይራ ፎቶውን ሰጠቻት። ሀዲጃ ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ወጣች።

«ይኼ ኮት የጎረቤታችን የነጋዴው የሀጂ ነስሩ ነው» አለች መጀመሪያ። «ጣቃዎቹም የሳቸው። ፎቶ አንሺው እስኪመጣ ተውሰን፣ ሲሄድ መለስን።» ከዚያ ዞራ ሱመይራን አየቻት። «ጆሮሽ የኸድሩ ነው።»

ያዘጋጀችው ውሸት ጠፋባት። «ልጁ ነኝ። ሱመይራ እባላለሁ። ከፎቶው እንዳወጣዎት ታዝዤ ነው» አለች። «ከኋላዎ ምን እንደነበረ ግን አላውቅም። እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ሀዲጃ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ ድምፅ ግን አላወጣችም። «እሱ ነው ጠይቂያት ያለሽ?»

«አይደለም። መምጣቴንም አያውቅም።»

«ተቀመጪ እሺ።» በርጩማውን በእግሯ ገፋችላት። «ከኋላዬማ መኪናው ነበር።»

«መኪና?»

«የስፌት መኪና ነዋ። ሌላ ምን መኪና ነበረን?»

ከዚያ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነገረቻት። መኪናውን የሰጧት አባቷ ናቸው፣ ስትዳር፣ ከቡታጅራ በጭነት መኪና ተጭኖ ነው የመጣው። ኸድሩ ያኔ በትከሻው ጨርቅ ተሸክሞ ገበያ ለገበያ የሚዞር ነበር። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይሸጣል፤ የሱቁ ኪራይ የመጀመሪያው ዓመት ከዚያው ወጣ። ሱቁ ሲከፈት ፎቶ እንነሳ አለ። ፎቶ አንሺው ከመጣ በኋላ ግን ኸድሩ መኪናውን አየና ፊቱ ጠቆረ፤ አገር ቤት ለወንድሞቹ የሚላክ ፎቶ ነው፣ ነጋዴ ሆነ ሳይሆን ልብስ ሰፊ ሆነ ይሉኛል አለ። መኪናው ከባድ ነው፣ እግሩም ጭቃው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሊያነሱት አልቻሉም። «ፎቶ አንሺው አንቺ ፊቱ ቁሚ፣ ነጠላሽን ዘርጊው አለኝ። ቆምኩ። እንዳታዝኚልኝ፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ሳቄ የመጣው ፔዳሉ ባቴን እየነካኝ ስለነበር ነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከአራት ዓመት በኋላ ወንድሞቹ መጥተው ልጅ ልጅ ሲሉ፣ እሷ መኪናዋን በጋሪ አስጭና ወጣች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ይህን ስትናገር ድምፏ አልተለወጠም፤ እጇ ግን ለትንሽ ጊዜ ጨርቁ ላይ ቆመ።

ሱመይራ የተወለደችው ይህች ሴት ከወጣች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ይህች ሴት በተኛችበት ክፍል ውስጥ። «መኪናው አለ?» አለች በመጨረሻ። ሀዲጃ በመስኮቱ ሥር ያለውን፣ ጨርቅ የተቆለለበትን አሳየቻት። ጨርቁን ስታነሳ የፔዳሉ ብረት ያች አየር ላይ የቀረችው የተጠማዘዘች ቁራጭ ነበረች። ሱመይራ መኪናውን ፎቶ ልታነሳው ስልኳን አወጣች። በድሮው ፎቶ ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ጎንበስ ብለው መኪናውን እየጎተቱ ወደ በሩ አዞሩት። በሲሚንቶው ላይ ነጭ መስመር እየሳለ ሄደ። ሱመይራ በእግሯ ልታጠፋው ስትል ሀዲጃ ተዪው፣ መስመሩ እዚያው ይቆይ አለች።

ልትሄድ ስትል ሀዲጃ ፎቶውን መለሰችላት። «አውጪኝ» አለች። «እኔስ እዚያ ምን እሠራለሁ? ሃያ አምስት ዓመት መቆም ይደክማል። ግን ካወጣሽኝ በኋላ የት ታደርጊኛለሽ?»

ሱመይራ ስለ ሁለተኛው መልመጃ ነገረቻት። የፈለገችበት ቦታ ልትወስዳት እንደምትችል፣ ባሕር ዳር ቢሆን፣ አረብ አገር ቢሆን።

ሀዲጃ አሰበች። «ጨርቅ ይዘን ቡሌ ገበያ እንሄድ ነበር በእግራችን። አንድ ጠዋት ከላይ ስንደርስ ጉሙ ከታች ሆኖ አየሁት፣ እኛ ከላይ። ትንሽ እንቁም አልኩት፣ ገበያው ያልፈናል አለኝ። እዚያ ሊሆን ይችላል?»

«ይችላል። ግን በፎቶው ላይ ቆመው ስለሆነ ልቀመጥ ቢሉ አይሆንም።»

«ቆሜም ይሁን» አለች ሀዲጃ። «ብቻ ምንም አልሸፍን።»

ዲላ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ መብራት ጠፍቷል። ልጆቹ ጥቁር በሆኑት ኮምፒውተሮች ፊት ግንባራቸውን በክንዳቸው ላይ አሳርፈው ተኝተው ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ብቻ ነው። ሱመይራ ለኤልቤቴል በሹክሹክታ ነገረቻት። ኤልቤቴል ስልኳን ከፈተችና የአባቷ ቤት ያለበትን ጥግ ፎቶ አሳየቻት፤ የቡሌ ጠዋት፣ ጉም እንደ ወተት በሸለቆው ሞልቶ፣ ዳገቱ ላይ አንድ ጠባብ መንገድ፣ ሰው የለበትም። መብራቱ መጣ። ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ ሲያጉረመርሙ ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ቀና አሉ።

መኪናውን ጥቁርና ነጭ አደረገችው፣ አደበዘዘችው፣ አሳነሰችው፤ ቦታው ላይ ስታስቀምጠው የብረቷ ቁራጭ ከፔዳሉ ጋር ገጠመች። ሱመይራ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ፎቶው ላይ የተሠራ ነገር ያለ አይመስልም። መኪናው ሁልጊዜ እዚያ ነበረ፣ የሆነ ሰው ከፊቱ ዘወር ያለለት ብቻ መሰለ። ሀዲጃን በጠባቡ መንገድ ላይ አቆመቻት። ነጠላዋን የዘረጋችው ነፋሱን ልትቀበል ይመስላል፤ ያ የተገታ ሳቅ እዚህ ምክንያት አገኘ። ኤልቤቴል ጥላ ጨምሪላት፣ ከእግሯ ሥር፣ አለበለዚያ ትበራለች አለቻት። ጨመረችላት። ሁለቱንም ፎቶ ማተሚያ ቤት ወስዳ አሳተመች።

አባቷ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረሰች። እናቷም እራት ቀርቧል ልትለው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ሱመይራ የመጀመሪያውን ፎቶ ባንኮው ላይ አስቀመጠች። ኸድሩ የሱቁን አምፖል ወደ ታች ስቦ አየ። የሜትር እንጨቱን ይዞ ነበር፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ዘይቱና ከበሩ።

«ከኋላዋ የነበረው ነው» አለች ሱመይራ።

ኸድሩ አንገቱን ሳያነሳ «ማን ነገረሽ?» አላት።

«ራሷ። ወናጎ ሄጄ ነበር።»

ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። ኸድሩ ጣቱን በመኪናው ላይ አሳረፈ። «ይኼንንም አውጪው» አለ።

«አወጣዋለሁ። ግን ከመኪናው ኋላ ምን እንደነበረ አላውቅም። አንተ ንገረኝ፣ እሞላዋለሁ።»

ሱመይራ ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ከባንኮው ኋላ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ በአንድ ጊዜ ሽማግሌ መሰለ። «ግድግዳ ነው» አለ። «ባዶ ግድግዳ። መደርደሪያም አልነበረን። ሌላ ምንም አልነበረም።»

ዘይቱና ወደ ውስጥ ገባች። ፎቶውን አንስታ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። «እኔን ስታገባኝ ሱቁ ከአዲስ አበባ ባመጣኸው ሸቀጥ ተከፈተ ብለኸኝ ነበር» አለችው። ዘይቱና ፎቶውን ባንኮው ላይ መልሳ በመዳፏ አስተካከለችው። «መኪናው እዚያው ይቆይ» አለች ለልጇ። «አታውጪው።» ከዚያ እራቱ እየቀዘቀዘ ነው ብላ ወጣች።

ኸድሩ ሰኞ መኪናው ያለበትን ፎቶ ለዘከርያ ሰጠው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ሱመይራ ሁለቱን ፎቶዎች አሳይታ ሁለት ደቂቃ ተናገረች፤ ስትጨርስ መምህር ፈለቀ የክፍሉን መብራት አበራ። በማግስቱ የቡሌውን ፎቶ ወናጎ አደረሰችው። ሀዲጃ ዓይኗን አጥብባ አየችው፣ የጉሙን ዳር በጥፍሯ ተከተለች፣ ከዚያ ከዩኒፎርሞቹ መካከል በመርፌ ሰካችው። ሻይ አምጥታላት ስለ ትምህርቷ ጠየቀቻት።

ታፔላው ተሰቀለ። ትልቅ ሆኖ ሲታተም ከኸድሩ ፊት ይልቅ የስፌት መኪናው ጎልቶ ወጣ። በሳምንቱ ሰው ሁሉ እየገባ ልብስ ትሰፋላችሁ ወይ ይል ጀመር። ኸድሩ ለመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንሰፋም፣ ጨርቅ ብቻ ነው የምንሸጠው እያለ መለሳቸው። ከአንዳንዶቹማ ፊቱን ወደ መደርደሪያው ያዞራል። ሱመይራ ከትምህርት መልስ ባንኮው ጋ ቆማ ትሰማዋለች።

አንድ ሐሙስ፣ ከገጠር የመጣች አንዲት ሴት ለሦስት ልጆቿ የዩኒፎርም ጨርቅ አስለካችና እንደ ሌሎቹ ጠየቀችው፤ ታፔላችሁ ላይ መኪና አይቼ ነው የመጣሁት፣ የት ላሰፋው ታዲያ፣ አለችው። ኸድሩ መቀሱን ባንኮው ላይ አስቀመጠ።

«ወናጎ» አለ። «መስጊዱ ፊት ለፊት። ሀዲጃ በያት፣ ያሳዩሻል።»

ሱመይራ አባቷ ያንን ስም ሲጠራ ሰምታ አታውቅም። እሱም ዞሮ አላያትም። ጨርቁን እንደገና ዘረጋ፣ ከተለካው ላይ ስንዝር ጨመረና ቆረጠው። ሴትየዋ ለተጨመረው አልከፍልም ብላ ዓይኗን ስታጠብብ፣ ይሁን፣ ስፌት ይበላዋል አላት።